የምትወዱትን የቴኒስ ተጫዋች ስትከተሉ የሚያሳስቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ተጫዋች መርጦ ከመጀመሪያው ዙር እስከ ፍጻሜ መከተል ሁለት ሳምንት ሙሉ ልብን አንጠልጥሎ ያቆያል። በግራንድ ስላም (ከዓመቱ አራት ታላላቅ ውድድሮች በአንዱ) የነጠላ ውድድር 128 ተጫዋቾች ይጀምራሉ፤ ዋንጫውን የሚያነሣው ሰባት ግጥሚያ ማሸነፍ አለበት። ብዙ ደጋፊ ግን ይህን ጊዜ በከንቱ በመጨነቅ ወይም ሳይገባው በመዝናናት ያሳልፈዋል። ምክንያቱ የቴኒስን ውጤት እንደ እግር ኳስ ውጤት ማንበባችን ይመስለኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ብዙ ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል»

ሁልጊዜ አይደለም። በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ሮጀር ፌደረር 218 ነጥብ ሲያገኝ ኖቫክ ጆኮቪች ያገኘው 204 ነበር፤ ዋንጫውን የወሰደው ግን ጆኮቪች ነው። የቴኒስ ነጥብ በአንድ ቋት አይጠራቀምም። ነጥቦች ተሰብስበው ጌም፣ ጌሞች ተሰብስበው ሰት ይሆናሉ፤ 6 ለ 1 የተሸነፈ ሰትም ሆነ በታይብሬክ (ጌሞቹ እኩል ሲሆኑ ሰቱን በሚለየው የመጨረሻ ጌም) ለጥቂት ያመለጠ ሰት የሚቆጠረው እንደ አንድ ሰት ብቻ ነው። ጆኮቪች ሁለተኛውን ሰት 6 ለ 1 ተሸንፎ በታይብሬክ የተለዩትን ሦስት ሰቶች በሙሉ ወሰደ። ፌደረር በአምስተኛው ሰት 8 ለ 7 እየመራ፣ ሰርቩም (ኳሱን መትቶ የማስጀመር ተራው) የራሱ ሆኖ፣ ከሁለቱ አንዱን ቢያገኝ ዋንጫውን የሚያነሣባቸው ሁለት ነጥቦች በተከታታይ አምልጠውታል። ያን ቀን ያየ ሰው ሁለተኛ ነጥብ አይደምርም።

ፌደረር ራሱ በ2024 ለዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራቂዎች ባደረገው ንግግር ከነጠላ ግጥሚያዎቹ 80 በመቶ የሚጠጋውን ሲያሸንፍ፣ ከነጥቦቹ ግን ያሸነፈው 54 በመቶውን ብቻ እንደሆነ ተናግሯል። ስለዚህ ተጫዋቻችሁ ከነጥቦቹ ግማሽ ያህሉን ቢያጣ ጤነኛ ግጥሚያ ነው። ከድምሩ ይልቅ ሰርቩ የማን እንደሆነ ተመልከቱ፤ ጌሙን ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ሰርቩ የእርሱ የሆነው ተጫዋች ነውና። ሰርቩ የራሱ ሆኖ 5 ለ 4 የሚመራ ተጫዋች ሰቱን ለመዝጋት ጥሩ ዕድል አለው። ሰርቩ የተጋጣሚው ከሆነ ግን 5 ለ 4 መሪነት መስሎ ይታያል እንጂ ሁለቱ ገና እኩል ናቸው።

«ሁለት ሰት ከተሸነፈ አለቀለት»

በቴኒስ ሰዓት የሚያስጥል የለም። የሚመራው ተጫዋች ኳስ እያንሸራሸረ ደቂቃ ሊገድል አይችልም፤ የመጨረሻዋን ነጥብ ራሱ ማሸነፍ ግድ ነው፤ ከባዷም እሷ ናት። በ2022 የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ራፋኤል ናዳል በዳኒል ሜድቬዴቭ ሁለት ሰት ተሸንፎ ከ5 ሰዓት ከ24 ደቂቃ በኋላ አሸነፈ። በ2025 የፈረንሳይ ኦፕን ፍጻሜ ካርሎስ አልካራዝ ከዚያም የባሰ ገደል አፋፍ ላይ ነበር፤ በያኒክ ሲነር 2 ለ 1 በሰት እየተመራ፣ በአራተኛው ሰት 5 ለ 3 ተበልጦ፣ በራሱ ሰርቭ 0 ለ 40 ላይ ቆሞ፤ ሲነር ከቀጣዮቹ ሦስት ነጥቦች አንዱን ብቻ ቢያገኝ ዋንጫው የእርሱ ነበር። አልካራዝ ሦስቱንም ነጥቦች አዳነ፤ ግጥሚያው 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ፈጅቶ በእርሱ ድል ተጠናቀቀ። በዚያች 0 ለ 40 ላይ ቴሌቪዥኑን የዘጋ ደጋፊ ምን እንዳመለጠው ሳስብ ከልቤ አዝንለታለሁ።

እዚህ ላይ ግን ልዩነት አለ። አምስት ሰት ድረስ የሚሄደው የወንዶች ግራንድ ስላም ነው። የሴቶች ግጥሚያና አብዛኛዎቹ ሌሎች ውድድሮች በሁለት ሰት አሸናፊነት ስለሚያልቁ የመጀመሪያውን ሰት ማጣት በእነርሱ ዘንድ ይከብዳል።

«ዕጣው ቀሎለታል»

ድልድሉ በወጣ ዕለት የሚደረገው ደስታ ሁሉ ያሳስበኛል። ሕጉ የሚጠብቀው 32ቱን ቀዳሚ ተጫዋቾች ከሦስተኛው ዙር በፊት እንዳይገናኙ፣ አንደኛውና ሁለተኛውም እስከ ፍጻሜ እንዳይጋጠሙ ነው። የቀረው በአብዛኛው ዕጣ ነው። በፓሪሱ የፈረንሳይ ኦፕን 14 ጊዜ ያሸነፈው ናዳል በ2024 ከጉዳት ተመልሶ ደረጃው ወርዶ ስለነበር ገና በመጀመሪያው ዙር አሌክሳንደር ዝቬሬቭ ደረሰው፤ ተሸነፈም። በሌላ በኩል፣ ስሙ የማይታወቅ ተጋጣሚ ሲደርስ «ይህስ ቀላል ነው» እንላለን። ኤማ ራዱካኑ በ2021 ዩ ኤስ ኦፕን ስትገባ በዓለም 150ኛ ነበረች፤ ሦስት የማጣሪያና ሰባት የዋና ውድድር ግጥሚያዎችን አንድም ሰት ሳትሸነፍ አልፋ ዋንጫውን ወሰደች። ከማጣሪያ የመጣ ሰው ሦስት ጊዜ አሸንፎ፣ እጁ ሞቆ ነው የሚገባው። የእናንተ ተጫዋች ግን ገና መጀመሩ ነው።

«ያን ረጅም ግጥሚያ ካሸነፈ ማንም አያቆመውም»

ጆን ኢስነር በ2010 ዊምብልደን ኒኮላ ማሁን ያሸነፈው ለሦስት ቀናት በተከፋፈለና 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ በፈጀ ግጥሚያ ሲሆን የመጨረሻው ሰት 70 ለ 68 ነበር። በቀጣዩ ዙር 6 ለ 0፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 2 ተሸነፈ። በአንድ ሰዓት ተኩል የተጠናቀቀ አሰልቺ ድል ለደጋፊ ትልቅ የምሥራች ነው።

«ባሸነፈ ቁጥር ደረጃው ከፍ ይላል»

የዓለም ደረጃ ያለፉት 52 ሳምንታት ሒሳብ ነው። አምና ግራንድ ስላም አሸንፎ 2,000 ነጥብ ያገኘ ተጫዋች ዘንድሮ እዚያው በግማሽ ፍጻሜ ቢሸነፍ፣ አምስት ጊዜ አሸንፎም ቢሆን ከዚያ ነጥብ ከግማሽ በላይ ያጣል።

«ግጥሚያው የሚጀምረው በዚህ ሰዓት ነው»

በየሜዳው በትክክል የሚታወቀው የመጀመሪያው ግጥሚያ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱንም ዝናብ ሊያፈርሰው ይችላል። ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። «ከ9 ሰዓት በፊት አይጀምርም» ሲባልም ቢያንስ እስከዚያ ድረስ አይጀመርም ማለት ነው እንጂ በ9 ሰዓት ይጀመራል ማለት አይደለም። ስለዚህ በዚያው ሜዳ የሚቀድመውን ግጥሚያ ውጤት ተከታተሉ። በእርሱ አንደኛው ተጫዋች ሰቱን ሊዘጋና ግጥሚያውን ሊያሸንፍ ሲቃረብ የእናንተው ሰውነቱን ማሟሟቅ ጀምሯል።