በአነስተኛ በጀት ሰርግ መደገስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ወጪ የሚቀነሰው ከዲኮርና ከአበባ ነው»

ዲኮር አንዴ ተከፍሎ ያበቃል። ሰርግን የሚያስወድደው የሰው ቁጥር ነው፤ አንድ ተጠሪ በተጨመረ ቁጥር ምግቡም መጠጡም ወንበሩም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ከአዳራሹም ከቬሎውም በፊት የተጠሪ ዝርዝር ይጻፍ። ድግሱ ለ150 ሰው ከሆነ 60 ለሙሽራው ወገን፣ 60 ለሙሽሪት ወገን፣ 30 ለጓደኞች ብሎ አስቀድሞ መክፈል ያስፈልጋል። ኮታ ያልተያዘለት ዝርዝር አንዱ ወገን የሌላውን እያየ ሲጨምርበት ሳይታወቅ እጥፍ ይሆናል። ሚዜም እንዲሁ ነው፦ አምስት አምስት ማለት አሥር ልብስና ተጨማሪ መኪና ነው። ሁለት ሁለት ይበቃል።

«አዳራሹ በነፍስ ወከፍ የነገረን ዋጋ የመጨረሻው ነው»

ለምሳሌ 1,000 ብር ከተባለ፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲገባበት 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 1,265 ብር ይሆናል። ለ150 ሰው ልዩነቱ 39,750 ብር ነው፤ ብዙ ሙሽሮች ይህን የሚያዩት የመጨረሻው ሒሳብ ሲመጣ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ዋጋው ቫትና ሰርቪስን ይጨምራል? ከተባለው ቁጥር በታች ሰው ቢመጣስ? ከውጭ ለምናስገባው መጠጥ በጠርሙስ ስንት ታስከፍላላችሁ? ሰዓት ቢያልፍስ? መብራት ቢጠፋ የጀነሬተሩ ነዳጅ በማን ነው? መልሱ በቃል አይቅር፣ ውሉ ላይ ይስፈር።

«በሬ መጣል ሁልጊዜ ያዋጣል»

300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ታርዶ ቆዳው፣ ጭንቅላቱና ሆድ ዕቃው ሲወጣ ከነአጥንቱ የሚቀረው ግማሽ ያህል ነው፤ አጥንቱ ሲለይ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሥጋ ይገኛል። ለ150 ሰው ሩብ ሩብ ኪሎ ቢታሰብ የሚፈለገው ግን 37 ኪሎ ተኩል ነው። የተረፈው ሥጋ ማቀዝቀዣ በሌለበት ይበላሻል። በሬ የሚያዋጣው ተጠሪው ከ300 ሲያልፍ፣ መልሱ በማግስቱ እዚያው ሲደገስ፣ ወይም ጎረቤት በቅርጫ ሲካፈለው ነው። ከዚያ በታች ከሥጋ ቤት በኪሎ ግዙ።

ዶሮውም በቁጥር ይሠራል። አንድ ዶሮ 12 ብልት ስለሚወጣው ለ150 ሰው አንዳንድ ብልት ለማድረስ 13 ዶሮና 150 እንቁላል ይበቃል። ለአንድ ዶሮ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ሲታሰብ ከ20 እስከ 26 ኪሎ ይሆናል። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ጊዜ ሲያጥር ቁሌቱ ውሃው ሳይመጥ በርበሬ ይጨመርበታል፣ ወጡም ይቀጥናል፣ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይላል። ሽንኩርቱ በዋዜማው ተልጦ ይከተፍ፤ ወጡም በአንድ ትልቅ ድስት ሳይሆን በሁለት ይሠራ።

«መጠጥ እንዳያልቅ አብዝቶ መግዛት ነው»

ለ150 ሰው ሁለት ሁለት ጠርሙስ 300 ነው፤ በ24 ሲካፈል 13 ሳጥን። ያልተከፈተ ሳጥን ተመላሽ እንዲሆን ከአከፋፋዩ ጋር ከተስማማችሁ ጥቂት ሳጥን ደርቦ መያዝ አያከስርም።

«ሰርግ በጥር ካልሆነ አይሆንም»

በጥር ሁሉም ስለሚሰርግ አዳራሹም ቬሎውም ይወደዳል። ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ነነዌ በገባች በሁለት ሳምንቷ ይገባል፤ ጾሙ በሚቀድምበት ዓመት የሰርጉ ወቅት በጣም ይጠባል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ በሥራ ቀን ማታ የሚደገስ ሰርግ ላይ ሥጋ ይቀርባል፤ አዳራሹም በሥራ ቀን ለድርድር ይመቻል። ግንቦትን ለሰርግ የማይወዱ ቤተሰቦች ስላሉ ቀን ከመቁረጥ በፊት ታላላቆችን ጠይቁ። ተክሊል የሚፈልግም ቀኑን ከደብሩ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር።

«የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ ግማሽ ጋብቻ ነው»

አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ በሚሠራው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻ በሚያስፈጽመው የመንግሥት ሹም) ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ እኩል ነው። በሹሙ ፊት ለመጋባት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅና ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ማቅረብ ነው። ከዚያ በኋላ ለ30 ሰው ቤት ውስጥ ምሳ ማብላት ሙሉ ሰርግ ነው።

«ስጦታው ወጪውን ይመልሳል»

አይመልስም፤ ብርድ ልብስና የሻይ ስኒ ዕዳ አይከፍልም። በስጦታ ተስፋ አትበደሩ።

«ዕድር ለለቅሶ ብቻ ነው»

ብዙ ዕድሮች ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳህን ለአባሎቻቸው ሰርግም በትንሽ ክፍያ ይሰጣሉ። ደንቡን ከጸሐፊው ጠይቁ፤ የተረከባችሁትንም ሳህን ቆጥራችሁ ፈርሙ፣ የጎደለውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁና። በሰፈሩ ሰው ከሞተ ግን ድንኳኑን ለቅሶ ቤቱ ቀድሞ ይወስዳል፤ መውሰድም ይገባዋል። ስለዚህ ድንኳን የሚያከራይ ሌላ ሰው ከሳምንት በፊት አነጋግራችሁ ዋጋውን ቁረጡ።