ጨው ሁሉ ያው አይደለም!

ጤና ጣቢያ ውስጥ ነፍሰ ጡር እናቶችን ስከታተል ዓመታት አልፈዋል። «ቤት የምትጠቀሙበት ጨው አዮዲን አለው?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ «ጨው ያው ጨው ነው።» ኧረ አይደለም!

«የአፍዴራ ጨው ከሐይቅ ስለሚወጣ አዮዲን አያጣም» የሚሉም አሉ። ተሳስተዋል። በቂ አዮዲን የሚኖረው ፋብሪካ ውስጥ ሲጨመርበት ነው። ለዚህም ነው በ2003 ዓ.ም ደንብ የወጣው።

በጣም የሚያበሳጨኝ ግን «እንቅርት የለብኝ፣ አዮዲን ምን ያደርግልኛል?» የሚለው ነው። አንገት ሳያብጥም አዮዲን ይጎድላል። ጉዳቱ የሚብሰው ደግሞ በማኅፀን ባለው ልጅ ላይ ነው። አእምሮው የሚያድገው ከአዮዲን በሚሠራው የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ያኔ ክፉኛ ካጠረው፣ የደረሰበትን ጉዳት በኋላ መጠገን አይቻልም። የሚያስፈልገው አዮዲን ደግሞ ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በዓይን እንኳ በጭንቅ ነው የሚታየው!

«ጎመንና ድንች እበላለሁ» ብሎ መተማመንም አያዋጣም። ደጋ ላይ ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦታል።

አክስቴ አዮዲን ያለውን ጨው ገዝታ «ቆሻሻ አለው» ብላ ታጥበዋለች። ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ከዚያ ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃው አጠገብ ታስቀምጠዋለች። አዮዲኑ እኮ የሚረጨው ጨው ላይ ነው፤ አክስትዬ፣ አጥበሽ የደፋሽው እሱን ነው! እባካችሁ አትጠቡት። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አኑሩት። ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። አዮዲን አለው ብላችሁም አታብዙት፤ በቀን ለአንድ ሰው ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ።

የተሳሳተ ወሬ በጨው ብቻ አያበቃም። ወንጂና መተሐራ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው የሚበልዘው ስለማይፍቁት አይደለም። ውሃው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ስለሚበዛበት ነው። በልጆቹ አትሳቁባቸው።

«ጤፍ እየበላሁ ደም ማነስ አይዘኝም»? ይይዛል። በጤፍ ውስጥ አለ ከሚባለው ብረት ብዙው ከአውድማ አፈር ጋር የገባ ነው። ከምግብ ላይ ወዲያው ቡና ሲጠጣበት ደግሞ ሰውነት የሚያገኘው ይቀንሳል። ቡናው አንድ ሰዓት ይቆይ። የብረት ኪኒን የታዘዘላችሁ እናቶችም «ጤፍ ይበቃኛል» ብላችሁ አታቋርጡ። ሰገራችሁ ቢጠቁር ከኪኒኑ ነው፤ አትደንግጡ።