ፊውዝ ምንድን ነው? ፓምፑን ሳይሆን ሽቦውን ነው የሚጠብቀው

ሰሞኑን ባሕር ዳር ላይ የአንዲት የቆየች ሞተር ጀልባ የኋላ ወንበር አንስቼ ባትሪውን ሳይ ነበር። ከባትሪው የወጣው ቀይ ሽቦ ፕላስቲኩ ጠቁሯል። በጣቴ ብነካው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ወዲያ ጫፉ ላይ፣ ውሃ መምጠጫው ፓምፕ አጠገብ፣ የ30 አምፔር ፊውዝ ተሰክቷል። ምንም አልሆነም። ባለቤቱም "ፊውዝ አለው እኮ!" አለኝ።

ይሄ ነገር ሁሌ ያናድደኛል። ፊውዝ ፓምፕ፣ መብራት ወይም ሬዲዮ ለመጠበቅ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ከልኩ በላይ ከረንት ሲያልፍበት ራሱ ቀልጦ መስመሩን ይቆርጣል።

ሽቦውን ድልድይ፣ ፊውዙን የድልድዩ ዘበኛ አድርጋችሁ አስቡት። ድልድዩ የሚችለው 10 ቶን ነው። ዘበኛው ግን "እስከ 30 ቶን አሳልፍ" ተብሏል። 25 ቶን የጫነ መኪና ሲመጣ ዝም ብሎ ያሳልፋል፣ ድልድዩ ይደረመሳል። ዘበኛው አላጠፋም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። ስለዚህ የፊውዝ ልክ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው የሽቦው ውፍረት ነው።

አንድ ወንድማችን "ፊውዙ ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ ከፍ ያለ አስገቡበት፤ ፓምፑ የሚስበው 3 አምፔር ነው፣ ምንም አይሆንም" እያለ ሲመክር ሰምቼዋለሁ። እሺ፣ ፓምፑ 3 ይሳብ። ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ኮንታክት ቢያደርግስ? ያኔ ከረንቱ ፓምፑ ጋ አይደርስም፤ አቋርጦ ይመለሳል። ባትሪው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር መልቀቅ ይችላል። 12 ቮልት ሰው አይዝም ተብሎ ይናቃል። እሳት ለማስነሳት ግን ይበቃል፣ ይተርፋል። ያውም ከቤንዚን ታንከሩ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ወለል ላይ ይተኛል። የፊውዙን ቤት እዚያ ታች አታስቀምጡት።

ሁለተኛው ስህተት ቦታው ነው። ዘበኛው ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ቆሞ ምን ያደርጋል? መኪናውን የሚያየው ድልድዩ ከተሰበረ በኋላ ነው። ፊውዝ የሚገባው ባትሪው ጋ፣ ፖዘቲቩ ላይ ነው። የአሜሪካ ጀልባ ሠሪዎች የሚከተሉት የኤቢዋይሲ ደረጃ በመሠረቱ ከባትሪው ከ7 ኢንች አይራቅ ይላል፤ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሽቦው ተጨማሪ መከላከያ ከለበሰ የሚፈቀደው ርቀት ይጨምራል። የሞተር ማስነሻው ወፍራም ኬብል ከዚህ ሕግ ውጪ ነው። በራሱ የሚነሳው ፓምፕ ግን በዋናው ማጥፊያ ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው ስለሚያያዝ፣ ለእሱ ይሄ ነገር ቀልድ የለውም።

ፊውዝ ለፓምፑ ምንም አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ፌስታል ገብቶ ሞተሩ ሲታነቅ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል። ፓምፑ ላይ "5 አምፔር" ተብሎ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። ሽቦው 10 ቢችልም 5 አስገቡ። ወደ ታች መውረድ ይቻላል፤ ከሽቦው በላይ መውጣት ነው የማይቻለው። ዘበኛውም በሽርፍራፊ አይጣላም፤ የ10 አምፔር ፊውዝ 11 ሲያልፍበት ለሰዓታት ዝም ሊል ይችላል።

ሽቦ ስትቀይሩ ደግሞ የቤት ሽቦ አታስገቡ። ነጠላው መዳብ በሞተሩ ንዝረት ውስጥ ውስጡን ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን ግዙ፤ በቆርቆሮ የተለበጠ ካገኛችሁ ዝገት ይችላል።

የዚያችን ጀልባ ሽቦ ስከተል፣ ሞተሩን ከያዘው ብረት ጋር እየተፋተገ የተላጠበትን ቦታ አገኘሁት። አንድ ሰው ቀደም ሲል አይቶት በናስትሮ ጠቅልሎታል፤ ናስትሮውም ቀልጦ ብረቱ ላይ ተጣብቋል። አዲስ ሽቦ ዘረጋሁ፣ ብረቱ የሚነካውን ቦታ ጎማ አለበስኩት፣ የ5 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይሞላ ሰካሁ። የ30ውን ለባለቤቱ ሰጠሁት። ኪሱ ከተተው።