ከሄድሴት የሚመጣው ቁጥር፦ በብራውዘር ቪአር የተለመዱ ስህተቶች

በዌብኤክስአር (በብራውዘር ውስጥ ቪአርን፣ ማለትም ምናባዊ እውነታን፣ ለመሥራት የሚያገለግል የጃቫስክሪፕት መገናኛ) የተጻፈ የጀማሪ ኮድ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ቁጥር ከየት ተነስቶ የተለካ ነው?» ብዬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልስ አላገኝም። ስህተቶቹም በብዛት የሚመነጩት ከዚያው ነው። ከታች በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው ርዕሶች እነዚህ የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው።

«ብራውዘሩ የሴንሰሩን ጥሬ ዳታ ይሰጠኛል»

አይሰጥም። ሄድሴቱ (ጭንቅላት ላይ የሚደረገው የቪአር መነጽር) ውስጥ የመዞር ፍጥነትን የሚለካ ጋይሮስኮፕና የፍጥነት ለውጥን (አክስለሬሽንን) የሚለካ አክስለሮሜትር አሉ፤ ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ላይ ደግሞ ክፍሉን የሚቃኙ ካሜራዎች ተገጥመዋል። ሲስተሙ የሁሉንም ንባብ አዋህዶ አንድ «ፖዝ» ያወጣል፦ ቦታ በሜትር፣ አቅጣጫ በኳተርኒየን (መዞርን በሚገልጹ አራት ቁጥሮች፦ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ፣ ደብልዩ)። ለጃቫስክሪፕታችን የሚደርሰው ይኸው ነው። ያውም ትንቢት ነው፤ ምስሉ ዓይን ፊት በሚደርስበት ቅጽበት ጭንቅላቱ የት እንደሚሆን ተገምቶ የተሰላ። ስለዚህ ካሜራውን «ላለስልሰው» ብሎ የራሱን ማጣሪያ የሚጨምር ሰው መዘግየት ይጨምራል፣ ተጠቃሚውንም ያጥወለውለዋል።

«አክስለሬሽኑን ካገኘሁ ቦታውን ራሴ አሰላለሁ»

ይህ ሐሳብ የመጣው ከዌብኤክስአር በፊት ከነበረው ዌብቪአር ይመስለኛል፤ እሱ የአክስለሬሽን መስክ ነበረው። ዌብኤክስአር ላይ የለም። የመስመርና የመዞር ፍጥነት አሉ፣ እነሱም መሣሪያው ካልሰጣቸው ኑል (ባዶ) ይሆናሉ።

ቢኖርም አይጠቅምም። ከአክስለሬሽን ቦታ ለማግኘት ሁለት ጊዜ መደመር ያስፈልጋል፤ ትንሿ ስህተትም አብራ ትደመራለች። ሴንሰሩ በሰከንድ ስኩዌር 0.1 ሜትር ብቻ ቢሳሳት፣ ከ10 ሰከንድ በኋላ የቦታው ስህተት 5 ሜትር ይደርሳል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ጎረቤት ቤት ገባ ማለት ነው። ካሜራዎቹ የተጨመሩት ይህን መንሸራተት ለማረም ነው።

«ዋይ ዜሮ ማለት ወለሉ ነው»

ዋይ የከፍታው ቁጥር ነው፤ ዜሮው የት እንደሚሆን ግን እንደ መረጥከው ማመሳከሪያ ነው። «ሎካል» ብለህ ከጠየቅክ ዜሮው የሚቀመጠው ሴሽኑ (የቪአሩ ክፍለ ጊዜ) ሲጀመር ጭንቅላቱ ከነበረበት አጠገብ ነው። «ሎካል ፍሎር» ካልክ ግን ዜሮው ወለሉ ላይ ነው። የአንድ የቆመ ሰው ጭንቅላት ዋይ በመጀመሪያው ወደ ዜሮ፣ በሁለተኛው 1.6 አካባቢ ሊሆን ይችላል። በጣም የሚያስቀኝ ግን «ቪወር» የተባለውን መርጦ «ሄድሴቱ ተበላሸ፣ ሁሉም ዜሮ ነው» የሚለው ነው። ጭንቅላትን ከራሱ ከጭንቅላቱ ከለካኸው ሁልጊዜም ዜሮ ነው!

ተጠቃሚው የእይታውን መሃል እንደገና ሲያስተካክል ደግሞ መነሻው ይቀየራል። ይህን የሚያሳውቅ «ሪሴት» የሚባል ኢቨንት አለ፤ የሚያዳምጠው ግን ጥቂት ሰው ነው።

«የኳተርኒየኑ ዋይ የዞረበት ዲግሪ ነው»

አይደለም። ሰውየው ወደ ግራ 90 ዲግሪ ሲዞር ዋይም ደብልዩም 0.707 ገደማ ይሆናሉ። የት እንደሚያይ ማወቅ ከፈለግክ ወደ ዲግሪ ለመቀየር አትቸኩል፤ ቀጥታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲያይ ሦስቱ የዲግሪ ማዕዘኖች ይምታቱብሃል። ወደፊት የሚያመለክተውን ቬክተር ወስደህ በኳተርኒየኑ አዙረው። ወደፊት ማለት እዚህ የዜድ መስመር አሉታዊ አቅጣጫ እንደሆነ አትርሳ።

«በገጹ ተራ የአኒሜሽን ሉፕ አነበዋለሁ»

ሴሽኑ የራሱ ሉፕ አለው፤ ፖዙ የሚነበበው በዚያ ውስጥ ነው። ሉፑ በየዙሩ የሚሰጥህን ፍሬም ተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጦ በኋላ መጠየቅ ስህተት ያስነሳል። ክትትሉ ሲቋረጥም ፖዙ ኑል ሆኖ ይመጣል፣ ሳትፈትሽ አትጠቀምበት።

«ሄድሴት ከሌለኝ መማር አልችልም»

ትችላለህ። ብራውዘር ላይ የሚጫኑ ማስመሰያ ኤክስቴንሽኖች አሉ፤ ጭንቅላቱን በማውስ እያዞርክ ኮድህን ትፈትሻለህ። የሰው አንገት የሚያሳየውን መንቀጥቀጥ ግን አያሳዩህም።

«የጭንቅላት እንቅስቃሴ የማንንም ማንነት አይናገርም»

ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎችን ያካተተ ቡድን ቢት ሴበር የተባለውን የቪአር ጨዋታ የተጫወቱ ከ50,000 በላይ ሰዎችን የራስና የእጅ እንቅስቃሴ መረመረ። የሠሩት የኮምፒውተር ሞዴል በእያንዳንዱ ሰው 5 ደቂቃ ዳታ ከሠለጠነ በኋላ፣ የ100 ሰከንድ እንቅስቃሴ ብቻ አይቶ ማን እንደሆነ በ94.33 በመቶ ትክክለኛነት ለየ። 10 ሰከንድ ብቻ ሲሰጠውም 73.2 በመቶ አገኘ።