ቲ2 እና ቲ2 ስታር፦ ማግኔቱ ወጣ ገባ ሲሆን ሲግናሉ የት ይሄዳል?

ኤንኤምአር (ናሙናን ማግኔት ውስጥ አስቀምጦ ከአቶሞቹ ኒውክሊየስ የሚመጣውን ሲግናል የሚለካ ዘዴ) የሚጀምር ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይደናገራል። ቲ2ም ቲ2 ስታርም ሲግናሉ በምን ያህል ጊዜ እንደሚደክም ነው የሚነግሩን፣ ምክንያታቸው ግን ይለያያል። ፕሮቶን 1 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ፊልድ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ውስጥ በ42.58 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይዞራል፣ እና ማግኔቱ ከቦታ ቦታ በሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ቢለያይ እንኳ ወደ 43 ኸርዝ ልዩነት ይመጣል፣ ስለዚህ አብረው የጀመሩት ፕሮቶኖች ቶሎ ይበታተኑና ሲግናላቸው እርስ በርሱ ይጣፋል። ይሄን ጨምሮ የሚለካው ቲ2 ስታር ነው። ቲ2 ግን የናሙናው የራሱ ነው፣ ማግኔቱን ብታስተካክለውም አይቀየርም።

ደስ የሚለው ነገር በማግኔቱ ምክንያት የተበተነው ሲግናል ጨርሶ አልጠፋም! ኧርዊን ሃን በ1950 ስፒን ኢኮን፣ ማለትም የተበተነው ሲግናል ተሰብስቦ ሲመለስ፣ አሳየ። ሯጮች በየፍጥነታቸው ተበታትነው እያለ ድንገት ወደ ኋላ ዙሩ ቢባሉ ፈጣኑም ቀርፋፋውም መነሻው ላይ እኩል ይደርሳሉ አይደል፣ የ180 ዲግሪ ፐልስም (ፕሮቶኖቹን የሚገለብጥ አጭር የሬዲዮ ምት) ልክ እንደዛ ነው የሚያደርገው።

ችግሩ ሞለኪውሉ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ በዲፊዩዥን (በራሱ የዘፈቀደ እንቅስቃሴ) የማግኔቱ ፊልድ ወደሚለይበት ቦታ ከሄደ ኢኮው ሙሉ ሆኖ አይመለስም፣ ጉዳቱ ደግሞ በጊዜው ኩብ ነው የሚያድገው፣ የኢኮው ጊዜ እጥፍ ሲሆን ኤክስፖነንቱ (ሲግናሉ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው ቁጥር) 8 እጥፍ ይሆናል! ለዚህ ነው ሲፒኤምጂ የሚባለው ዘዴ 180ዎቹን ቶሎ ቶሎ የሚደጋግመው። የነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርዱት መሳሪያዎች፣ ማግኔታቸው ያን ያህል ወጣ ገባ ሆኖ የሚሰሩት በዚሁ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ቲ2 ተብሎ ሲሰጣችሁ በኢኮ ነው ወይስ ያለ ኢኮ የተለካው ብላችሁ ጠይቁ፣ በኢኮ ከሆነም በኢኮዎቹ መሃል ስንት ጊዜ እንዳለ።