የግራንድ ሴንትራል ጣሪያ ሥዕል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኒውዮርኩ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ዋና አዳራሽ ጣሪያ ላይ፣ በሰማያዊ መደብ ላይ በወርቅማ መስመር የተሣሉ ኅብረ ከዋክብት አሉ። ስለ ሥዕሉ ከሚወራው ብዙው ትክክል አይደለም። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«12ቱም የዞዲያክ ምልክቶች አሉበት።»
6ቱ ብቻ ናቸው፦ ደለዊ፣ ሑት፣ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝና ሸርጣን። አሰድን ወይም ሚዛንን የሚፈልግ አንገቱን በከንቱ ያደክማል። ከዞዲያክ ውጭ አዳኙ ኦሪዮን፣ ክንፋሙ ፈረስ ፔጋሰስ፣ ዝንብና ሦስት ማዕዘን ተጨምረዋል።

«ሰማዩ የተገለበጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ፈጣሪ ከላይ እንደሚያየው።»
ይህ ስህተቱ ከታወቀ በኋላ የመጣ ማስተባበያ ነው። ጣቢያው በተከፈተ በሁለተኛው ወር፣ በመጋቢት 1913፣ አንድ ተሳፋሪ ምሥራቅና ምዕራብ መቀያየራቸውን አስተዋለ። ንድፉን የሰጡት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ምሁር ሃሮልድ ጃኮቢ፣ ሠዓሊዎቹ ወረቀቱን ወለል ላይ አንጥፈው ሳይገለብጡት እንዳልቀሩ ገመቱ። ይህን ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። የሰማይ ካርታ ሰሜን ከላይ ሲሆን ምሥራቁ በግራ ነው፤ የተሠራው ከራስ በላይ ተይዞ እንዲታይ ነውና። ሰሜኑን ወደ ሰሜን አድርጋችሁ ወለል ላይ ብታነጥፉት ምሥራቁ ወደ ምዕራብ ይዞራል። ነጥቦቹን እንዳሉ ቀጥ አድርጎ ወደ ጣሪያ የሚያወጣ ሰው የመስታወት ምስል ይሥላል።

ማስተባበያውን ጨርሶ የሚያፈርሰው ግን ኦሪዮን ነው። እይታው ከላይ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በተገለበጠ ነበር። ኦሪዮን ግን ከምድር እንደምናየው ሆኖ ተሥሏል፤ የተገለበጡት ጎረቤቶቹ ሠውርና ገውዝ ናቸው። በሰማይ ላይ ኦሪዮን ዱላ ያነሳበት ክንዱ በገውዝ በኩል ነው፤ ጣሪያው ላይ ግን እዚያ ቦታ የቆመው ሠውር ነው።

«የምናየው የ1913ቱ ሥዕል ነው።»
አይደለም። የመጀመሪያው በውኃ ፍሳሽ ተበላሽቶ ስለነበር፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ በአስቤስቶስና በሲሚንቶ ሰሌዳዎች ተሸፍኖ ሥዕሉ በላያቸው እንደ አዲስ ተሠራ። አሮጌው አሁንም ከሥር አለ።

«ሸርጣን አጠገብ ያለው ጥቁር ቁራጭ የእንፋሎት ባቡር ጥላሸት ነው።»
ጣቢያው የተሠራው ለኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ የእንፋሎት ባቡር ማንሃተን ውስጥ የታገደው ከ1908 ጀምሮ ነው። ቁራጩ በ1990ዎቹ ጽዳት ወቅት የቀድሞው እድፍ እንዲታይ ሳይጸዳ የተተወ ነው።

«በጣቢያው የሚታየው የኦክ ዛፍ ቅጠልና ፍሬ ተራ ጌጥ ነው።»
የባቡር ድርጅቱ ባለቤት የነበረው የቫንደርቢልት ቤተሰብ ምልክት ነው። መፈለግ ለሚወድ፣ በመረጃ መስጫው ላይ ባለው ባለ 4 ገጽ ሰዓት ጫፍ ከናስ የተሠራ የኦክ ፍሬ ተቀምጧል።