ፖሜራኒያን ውሻ በመሃል አዲስ አበባ፦ አያያዝና የፀጉር እንክብካቤ

ፖሜራኒያን ከስፒትዝ ዘሮች (ጆሯቸው የቆመ፣ አፋቸው ሹል፣ ፀጉራቸው ወፍራም ከሆኑት ውሾች) ሁሉ ትንሹ ነው። ዓለም አቀፉ የውሻ ዘሮች ፌዴሬሽን ከጀርመን ስፒትዝ ጋር በአንድ መስፈርት፣ በቁጥር 97 ሥር መዝግቦታል። ቁመቱ እስከ ትከሻው ከ18 እስከ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ተኩል ይደርሳል። «ቲካፕ» (የሻይ ስኒ) ወይም «ድብ ፊት» እየተባለ በተለየ ዋጋ የሚሸጥ ቡችላ ቢያጋጥም፣ መስፈርቱ እንዲህ ያለ ክፍል አያውቅም።

የጥንት ታሪኩ ከሰሜን አውሮፓ ስፒትዞች ይጀምራል። ሠዓሊው ማይክል አንጀሎ ፖሜራኒያን ነበረው የሚባለው ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው። ታሪኩ በደንብ የሚታወቀው ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ወዲህ ነው። የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሚስት ንግሥት ሻርሎት በ1767 እ.ኤ.አ. ሁለት ውሾች አስመጣች፤ የዚያን ጊዜዎቹ ግን ከዛሬዎቹ ብዙ እጥፍ ይተልቁ ነበር። ለውጡ የመጣው በንግሥት ቪክቶሪያ ነው። በ1888 ፍሎረንስ ላይ ማርኮ የተባለውን ትንሽ ውሻ ካገኘች በኋላ ለውድድር አቀረበችው፤ አርቢዎችም ትንንሹን እየመረጡ ማዳቀል ያዙ። በእሷ ዘመን የዘሩ መጠን በግማሽ ቀነሰ ይባላል። በጥር 1901 ስታርፍ ቱሪ የተባለው ፖሜራኒያኗ አልጋዋ ላይ ነበር። ከታይታኒክ በሕይወት ከወጡት 3 ውሾችም ሁለቱ የዚሁ ዘር ናቸው። በእኛ ቤተ መንግሥት ስሟ የሚነሳው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴዋ ሉሉ ግን ቺዋዋ ነበረች።

የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ውሻ የታዘዘ ያህል ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ ባለ ወፍራም ፀጉሩን ውሻ እንደ ቆላ ከተሞች ሙቀት አያስጨንቀውም። እዚህ የሚያስቸግረው እርጥበት ነው።

ፀጉሩ ድርብ ነው። ለቆዳ የቀረበው አጭር፣ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን ሙቀት ይይዛል፤ የላይኛው ረጅምና ሻከር ያለ ሲሆን ውሃና አቧራ ይመልሳል። ቡችላ ከ4 እስከ 6 ወሩ ድረስ የልጅነት ፀጉሩ ረግፎ የተመለጠ መምሰሉ በሽታ አይደለም።

በሳምንት 3 ቀን፣ ፀጉር በሚያራግፍበት ወቅት ደግሞ በየቀኑ መበጠር አለበት። የሚያስፈልገው የብረት ሚዶና ባለ ረጅም ሽቦ ብሩሽ ነው። ደረቅ ፀጉር ሲበጠር ስለሚሰበር በመርጫ ጠርሙስ ውሃ በስሱ ይነፋበታል። ውሻው በጎኑ ተኝቶ፣ ፀጉሩ በአንድ እጅ ወደ ላይ ተይዞ ቆዳው እስኪታይ መስመር ይከፈታል፤ ከዚያ ጥቂት ጥቂት እየተለቀቀ ከሥር ወደ ጫፍ ይበጠራል። ላይ ላዩን ብቻ የተበጠረ ውሻ ያማረ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ተቋጥሯል። ሚዶው ከቆዳው ተነስቶ ሳይያዝ ካለፈ ሥራው አልቋል። ቋጠሮ የሚበዛው ከጆሮ ጀርባ፣ በብብት፣ በኋላ እግሮች መካከልና የደረት ማሰሪያው በሚያርፍበት ቦታ ነው። በጣት እየተለያየ ከጫፉ ጀምሮ ይፈታል፤ መቀስ ከገባ የተሳበው ቆዳ አብሮ ይቆረጣል።

ማጠብ በ4 ወይም በ6 ሳምንት አንዴ ይበቃል፤ አስቀድሞ ግን መበጠር ግድ ነው፤ ቋጠሮ ከራሰ በኋላ ይበልጥ ይከርራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ሞልቶ መጀመር ይሻላል፤ ለብ ያለ ውሃ ነው የሚፈለገው። የውሻ ሻምፖ 1 እጅ በ10 እጅ ውሃ ቢቀጥን እስከ ሥሩ ይደርሳል። የሰው ሻምፖ የውሻን ቆዳ ያደርቃል። በደንብ ያልታጠበ አረፋ ደግሞ ያሳክካል።

ዋናው ሥራ ማድረቁ ነው። ፎጣው ተጭኖ ውሃውን ይመጥጣል እንጂ አይታሽም፤ ማሸት አዲስ ቋጠሮ ይሠራል። ቀጥሎ ፎን በመካከለኛ ሙቀት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይያዛል፤ ፀጉሩ በብሩሽ እየተከፈተ ነፋሱ ቆዳው ላይ እንዲደርስ ይደረጋል። ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ከቀረ ቆዳው ይታፈናል፤ ሽታ፣ ማሳከክና በሰዓታት ውስጥ የሚሰፋ እርጥብ ቁስል ይከተላል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ጠዋት፣ ፀሐይ ሳለ ማጠብ ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ከጭቃ ሲገባ እግርና ሆዱን ብቻ አጥቦ ማድረቅ ከሙሉ እጥበት ይሻላል።

በጋ ሲመጣ በማሽን መላጨት ጥቅም የለውም። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ የተገለጠ ቆዳ ያቃጥላል፤ ፀጉሩም ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። የዚህ መንስኤ እስካሁን አከራካሪ ነው። የሚከረከመው የመዳፍ ሥርና የፊንጢጣ ዙሪያ ብቻ ነው።

የመተንፈሻ ቧንቧው ደካማ ስለሆነ በአንገት ሳይሆን በደረት ማሰሪያ ይመራል። ጉልበቱ ስለሚወልቅ ከሶፋ መዝለልና የኮንዶሚኒየም ደረጃ መሮጥ አይበረታታም። ጥርሱ ቶሎ ስለሚበላሽ በውሻ የጥርስ ሳሙና ይቦረሻል። ወጥ አይሰጠውም፦ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ የበሰሉትም ጭምር፣ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሳሉ። በበዓል ሰሞን የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው።

ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይጀምራል። ፓርቮ የተባለው የአንጀት ቫይረስ ስለሚያሰጋ ተከታታዩ እስኪያልቅ ቡችላው መንገድ ላይ አይወርድም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ተሰጥቶ በየዓመቱ ይታደሳል። ባለቤት አልባ ውሾች በሚበዙበት መሃል ከተማ ይህ አይዘለልም። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይኬዳል።